ድልድዩ ሲዘጋ የያዘኝ የጥርስ ሕመም

ይህን ታሪክ ስጽፍ አንዳንዱን ነገር አሳስቼ ላስታውስ እንደምችል አስቀድሜ መናገር ይገባኛል። የሆነው በሰባ ዓመተ ምሕረት ይሁን በሰባ አንድ እርግጠኛ አይደለሁም። ወሩ ግንቦት እንደ ነበር ግን ከአእምሮዬ ያልጠፋው የባሕር ዳር ሙቀት ይመሰክርልኛል። የቀበሌው ሊቀመንበር በዚያን ዕለት ካኪ ሸሚዝ ለብሶ አየዋለሁ፤ ዳሩ ግን በዚያ ዘመን ሊቀመንበር ሁሉ ካኪ ለባሽ ስለ ነበረ ሸሚዙን ያለበስሁት እኔው ልሆን እችላለሁ። በሰዎች አፍ የማኖራቸው ቃላትም በትክክል እንዲያ ተነግረዋል ብዬ አልምልም። ሕመም የሰውን ጆሮ ያዛባል፤ እኔም በዚያ ሰሞን ከገዛ መንጋጋዬ በቀር ሌላ ነገር በቅጡ ያዳመጥሁ አይመስለኝም። የነገሩ አካሄድ ግን እንደምጽፈው ነበር።

ያን ጊዜ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ከዩኒቨርሲቲ በጂኦግራፊ ተመርቄ የጣናን ከፍታ የሚከታተል አንድ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ውስጥ ተመድቤ እሠራ ነበር። ሥራዬ ጠዋት ጠዋት ወደ ሐይቁ ዳርቻ ወርጄ፣ ውኃው ውስጥ የተተከለው ባለ ቁጥር እንጨት ላይ ውኃው የት እንደ ደረሰ ማየት ነበር። የምኖረው ዓባይ ማዶ፣ ወይዘሮ አንጓች የሚባሉ የባል የሞተባቸው ሴት ግቢ ውስጥ በተከራየሁት አንድ ክፍል ነው። ወይዘሮ አንጓች ሁለት ልጆች ነበሯቸው። ሴቲቱ የሺወርቅ እንፍራንዝ ተድራለች። ወንዱ ይበልጣል ግን ተማሪ ነበር፤ ከእናቱ ጋር ይኖር ነበር፤ ካልኩሌተሬን እየተዋሰ ሳይመልስልኝ ይቀር ነበር።

እኔ ከምተርከው ሳምንት ሁለት ወር ገደማ ቀደም ብሎ ይበልጣልን ከቤት ወሰዱት። ከዚያ በኋላ ለእናቱ የደረሳቸው ወሬ አንድ ብቻ ነው፤ «ርምጃ ተወስዶበታል» ተባሉ። መቼ፣ የት፣ አስከሬኑስ ወዴት ነው ብሎ መጠየቅ አይቻልም ነበር። ማልቀስም አይፈቀድም። በፀረ አብዮተኛ ስም የተገደለ ሰው ድንኳን አይተከልለትም፤ እናቱ ጥቁር አትለብስም፤ ጎረቤትም ለማስተዛዘን አይገባም። ወይዘሮ አንጓች ጠዋት ግቢውን ይጠርጉ፣ ደጃቸውን ይዘጉ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከፍተው እንደገና ይጠርጉ ነበር። በእነዚያ ሁለት ወራት ውስጥ ሲያለቅሱ ሰምቻቸው አላውቅም። ከግድግዳው ማዶ አንዳች ድምፅ እጠብቅ ነበር፤ ድምፁ ግን አይመጣም።

አሁን ወደ ጥርሴ ልመለስ፤ ነገሩ ሁሉ የተጀመረው ከዚያ ነውና።

በቀኝ በኩል ከታች፣ ሰው ከሃያ ዓመቱ ወዲያ የሚያበቅለው የመጨረሻው መንጋጋ ጥርሴ በግማሽ ብቅ ብሎ ቀርቶ ነበር። ግማሹን ድድ እንደ ክዳን ሸፍኖታል። እዚያ ክዳን ሥር ምግብ እየገባ ይቀራል፤ ስቦርሽ ይደማል። ሲደማ ምን ማድረግ እንደሚገባ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። በራሴ ሐሳብ ቁስል ካልነኩት ይድናል ብዬ ደመደምሁ፤ በዚያ በኩል መቦረሼን እርግፍ አድርጌ ተውሁ። የማኝከውም በግራ ብቻ ሆነ። እንዲህ ሆኜ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቻለሁ። አልፎ አልፎ ያብጥና በጨው ውኃ ስጉመጠመጥ ይተወኛል። የተወኝን ሕመም የዳነ ሕመም አድርጌ እቆጥረው ነበር።

በዚያ ሳምንት ሐሙስ ጠዋት እብጠቱን ይዤ ተነሣሁ። በዚያው ጠዋት ዓባይ ማዶ አሰሳ ተጀመረ። ቤት ለቤት ይፈተሻል፤ የዓባይ ድልድይም ተዘጋ። ሐኪም ቤቱ፣ መሥሪያ ቤቴ፣ ከተማው ሁሉ ከድልድዩ ወዲያ ነው። እኛ ወዲህ ቀረን።

የመጀመሪያውን ቀን በአስፕሪን አሳለፍሁት። ሁለተኛው ቀን መዋጡ አልበቃኝ ብሎ አንዱን ፍሬ ድዴ ላይ አስቀምጬ ያዝሁት፤ ሰዎች ሲያደርጉት አይቻለሁና። ድዱን አቃጥሎ ነጭ አደረገው፤ ጥርሱን ግን የነካውም አይመስልም። ወይዘሮ አንጓች ቅርንፉድ ሰጡኝ፤ እርሱ ለጥቂት ጊዜ አደነዘዘልኝ። ዓርብ ማምሻውን ጉንጬ አበጠና ዓይኔን ከሥር ገፋው። ቅዳሜ ጠዋት ስነሣ አፌ አልከፈት አለኝ። ላዛጋ ስል ከጆሮዬ ሥር አንዳች ነገር አንቆ ያዘኝ። በጥርሶቼ መካከል የማንኪያ እጀታ ብቻ ነበር የሚያልፈው። ሻይ በማንኪያ ጫፍ እያሾለክሁ ጠጣሁ። ምራቄን ስውጥ ጉሮሮዬ ላይ የተጋረጠ ነገር ያለ መሰለኝ፤ ከአገጬ ሥርም እንደ ደረቀ ቆዳ የጠጠረ እብጠት በእጄ ዳሰስሁ። መፍራት የጀመርሁት ያኔ ነው። እስከዚያ ድረስ ሕመም ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን የመተንፈስ ጉዳይ ሆነ።

ወደ ድልድዩ ሄድሁ። ጠባቂው ወታደር ክፉ ሰው አልነበረም። ፊቴን አይቶ ዓይኑን ጨፈነና ለእርሱ ቢሆን እንደሚያሳልፈኝ፣ ያለ ቀበሌ ወረቀት ግን ወፍም እንደማትሻገር ነገረኝ። ወደ ቀበሌው ተመለስሁ። እዚያም ወረቀት የሚሰጠው እሑድ ከስብሰባው በኋላ፣ ስብሰባውን ለተካፈሉ ብቻ ነው ተባልሁ። ያልተካፈለ ሰው ምን እንደሚባል መጠየቅ አላስፈለገኝም። በእጄ ጉንጬን እያሳየሁ ልማጸን ሞከርሁ። ጸሐፊው «ነገ፣ ጓድ፤ ነገ» ብሎ መስኮቱን ዘጋ። ከኋላዬ የተዘጋ ድልድይ፣ ከፊቴ የተዘጋ መስኮት፣ አፌ ውስጥ ደግሞ የተቆለፈ መንጋጋ ይዤ ቆምሁ። ከቆምሁበት ሆኜ ከወንዙ ማዶ የሐኪም ቤቱ አቅጣጫ ዛፎች ይታዩኝ ነበር፤ ወይም እንደሚታዩኝ አሰብሁ።

እሑድ ጠዋት ወይዘሮ አንጓች ጨው በምጣድ አሙቀው በጨርቅ ቋጠሩና ጉንጬ ላይ አስቀመጡልኝ። ቋጠሮው እንዳይወድቅም የራሳቸውን ነጠላ አምጥተው ከአገጬ እስከ አናቴ ጠመጠሙልኝና የተረፈውን አንገቴ ላይ አዞሩት። «እስክትሻገር ድረስ አታውልቀው፤ ንፋስ ይመታሃል» አሉኝ። መስተዋት አላየሁም። ብመለከት ኖሮ ጥለቱ ወደ ላይ ዞሮ አንገቴን እንደ ከበበው አይ ነበር። ሐዘንተኛ ነጠላ ዘቅዝቆ የሚለብሰው እንዲያ ነው። ወይዘሮ አንጓች በችኮላ ነው እንዲያ ያዞሩት ብዬ አምናለሁ። ሌላ ነገር ያሰብሁባቸው ቀኖችም አሉ፤ ግን ጠይቄያቸው አላውቅም።

የስብሰባው አዳራሽ ቀድሞ የአንድ ነጋዴ የእህል መጋዘን የነበረ፣ ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ የሆነ ቤት ነው። መስኮት የሚባል ነገር አልነበረውም። ሁላችንም ከገባን በኋላ በሩ ተዘጋ፤ ሁለት አብዮት ጠባቂዎችም ጠብመንጃቸውን ይዘው ከውስጥ በኩል ቆሙ። ወንዶች በቀኝ፣ ሴቶች በግራ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ወይዘሮ አንጓች ከሴቶቹ መካከል ሦስተኛው ወይም አራተኛው ረድፍ ላይ ነበሩ። ቆመን ግራ እጃችንን አንሥተን መፈክር አሰማን። እጄን አነሣሁ፤ አፌ ግን ከሌሎቹ ጋር አልተንቀሳቀሰም። ምናልባት ያኔ ነው ሊቀመንበሩ ዓይኑን የጣለብኝ።

የዕለቱ አጀንዳ ለሕዝብ ጠላት በስውር የሚያዝኑ ሰዎች ጉዳይ መሆኑ ሲነገር አንገቴ ላይ ያለው ነጠላ ከበደኝ። አሁንም ግን ለምን እንደ ከበደኝ አልገባኝም ነበር።

«ያ ነጠላ የዘቀዘቀው ማን ነው?» አለ ሊቀመንበሩ። ከዚያም ስሜን አስታወሰው። «ጓድ መኮንን፣ ቁም እስቲ። የማንን ሐዘን ነው የያዝኸው?»

ቆምሁ። እጄን ወደ አንገቴ ስሰድ ጥለቱን በጣቴ ዳሰስሁት፤ ያኔ ገባኝ። ነጠላውን ላወልቅ ብል ደግሞ ደብቆ ያወለቀ እመስላለሁ። ጉንጬን አሳየሁ። «ጥርሴን ነው» ልል ስሞክር ከከንፈሬ የወጣው የታፈነ ማጉረምረም ብቻ ሆነ።

«ዩኒቨርሲቲ ያስተማርነው በእጁ እንዲመልስልን ነው እንዴ?» አለና ዙሪያውን ተመለከተ። ሳቅ ሆነ። ብዙዎቹ የሳቁት ከፍርሃት መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ሳቁ።

ከጎኔ ሁለት ሰው አልፎ የተቀመጡ አያ ደምሴ የሚባሉ ሽማግሌ ሸማኔ ነበሩ። ከአግዳሚው ሳይነሡ እጃቸውን አወጡ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ልጁ እኮ ጥርሱን ነው። ትናንት ከደጃችን ሲያልፍ ዓይኑ ሲያነባ አይቸዋለሁ።»

«ማንባቱንማ እኛም ሰምተናል፣ አያ ደምሴ። ለማን እንዳነባ ነው የጠየቅነው።»

ሊቀመንበሩ ከመድረኩ ወርዶ ወደ እኔ ተጠጋ። ወጣት ነበር፤ ምናልባት በዕድሜ ከእኔ አይበልጥም። የምኖርበትን ቤት፣ የማን ቤት እንደሆነም፣ ከተገደለው ልጅ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ መብላት መጠጣቴን ለስብሰባው ዘረዘረ። ወደ ሴቶቹ በኩል ግን አላየም። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የሚረዳኝ በሚመስል አነጋገር እንዲህ አለኝ፦

«ነገሩ ቀላል ነው። ‹ይበልጣል የሕዝብ ጠላት ነበር፤ አላዝንለትም› በልና ተቀመጥ። ከዚያ ወረቀትህን ይዘህ ድልድዩን ትሻገራለህ። ካላልህ ግን የምታዝንለት መሆንህን በራስህ መሰከርህ ማለት ነው።»

ከቆርቆሮው ውጪ ከወንዙ ዳር የወፎች ጫጫታ ይሰማ ነበር። ወይዘሮ አንጓች አግዳሚው ላይ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው መሬት መሬት ያያሉ። መንጋጋዬ አይከፈትም። ቢከፈትልኝ ኖሮ ያን ቃል እላለሁ ወይ የሚለውን ጥያቄ ከዚያን ዕለት ወዲህ ብዙ ጊዜ አንሥቼ ጥያለሁ፤ መልስ አግኝቼለት አላውቅም። በዚያ ቅጽበት የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። አየር በአፍንጫዬ እየቀጠነ ይገባል፤ ምራቄን መዋጥ አቅቶኝ በከንፈሬ ጠርዝ ይወርዳል፤ ከዚህ ቤት የሚያስወጣኝ ነገር ደግሞ መናገር ብቻ ነው።

የዳንሁት ሌላ ሰው ሲጠራ ነው። ካሳሁን የሚባል በከተማው ሐኪም ቤት የሚሠራ ድሬሰር ጎረቤታችን ነበር፤ እርሱም በአሰሳው ምክንያት እንደ እኔው ዓባይ ማዶ ታግቶ ነበር። ሊቀመንበሩ «ጓድ ካሳሁን፣ አንተ የጤና ሰው ነህ። ና እይልን። ከዋሸኸን ግን ተጠያቂው አንተ ነህ» አለው።

ካሳሁን ሲመጣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ነበር። ነጠላውን ፈታ፤ የጨው ቋጠሮው መሬት ላይ ወደቀ። ከአገጬ ሥር በጣቶቹ ዳሰሰና «እስቲ ዋጥ» አለኝ በሹክሹክታ። አልቻልሁም። ፊቱ ተለወጠ። ወደ ሊቀመንበሩ ዞሮ መግል እንደ ቋጠረ፣ አሁኑኑ ሐኪም ቤት መሄድ እንዳለብኝ ተናገረ።

«አፉ ካልተከፈተ መግሉን በምን አየኸው?»

«ከውጪ ይታወቃል፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ክፈተውና እኛም እንወቀው።»

ካሳሁን ይህ እዚህ የሚሠራ ሥራ እንዳልሆነ ለማስረዳት ሞከረ፤ ግን ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም፤ ከአብዮት ጠባቂዎቹ አንዱ ከበሩ ተነቅሎ ወደ እኛ መምጣት ጀምሮ ነበር። ያ ሰው በእጁ ከሚከፍተው ካሳሁን ቢከፍተው እንደሚሻል ሁለታችንም በአንድ ጊዜ የተረዳን ይመስለኛል። ከአዳራሹ ጥግ ሻይ ከሚያፈሉት ሴት ማንኪያና ፍል ውኃ አስመጣ። ማንኪያውን በውኃው ለቀለቀው።

«ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ» አለኝ።

የማንኪያውን እጀታ በቀኝ በኩል በጥርሶቼ መካከል አስገብቶ ቀስ እያለ አዞረው። ከዚያ በኋላ የሆነውን በሥርዓቱ ልተርከው አልችልም። ከጆሮዬ ሥር አንድ ነገር የተቀደደ መሰለኝ፤ አዳራሹ ነጭ ሆነብኝ። ካሳሁን ጣቱን ወደ ውስጥ ሰዶ ያንን ያበጠ ድድ ተጫነው፤ እርሱም ፈነዳ። አፌ በትኩስ፣ በመራራና በሚሸት ነገር ተሞላ፤ ደረቴ ላይ ወረደ። ሽታው ከእኔ አልፎ ረድፍ ረድፉን ሄደ። ፊት ለፊት የተቀመጡት አፍንጫቸውን ያዙ። ሊቀመንበሩ አንድ ርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ በመሐረብም አፉን ሸፈነ። ከእኔም ከቅዳሜ ጀምሮ ታፍኖ የቆየው ድምፅ ወጣ። ጩኸት ነበር፤ የእኔ መሆኑን ዘግይቼ ነው ያወቅሁት።

ከሴቶቹ በኩል ወይዘሮ አንጓች ብድግ አሉ።

«ወይኔ ልጄን! ወይኔ ልጄን!»

እኔ ልጃቸው አይደለሁም። አዳራሹ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ደረታቸውን እየመቱ «ልጄን» ሲሉ የማን ልጅ እንደሆነም የማያውቅ አልነበረም። የይበልጣልን ስም ይጥሩ አይጥሩ አላስታውስም፤ ጆሮዬ በዚያን ሰዓት የሚታመን አልነበረም። ከአጠገባቸው ያለችው ሴት ተነሥታ አቀፈቻቸውና እርሷም አለቀሰች። ቀጥሎ ከኋላ ያሉት ተቀበሉ። የቆርቆሮው ቤት ለቅሶውን እያስተጋባ ይመልሰው ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ከግድግዳው ማዶ የጠበቅሁት ድምፅ ይኸውና መጣ፤ ሰበቡም የእኔ ጥርስ ሆነ።

ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን መታ። «ለአንድ ጥርስ ነው እንዴ ይህ ሁሉ ለቅሶ?» አለ።

የመለሱለት አያ ደምሴ ናቸው። «ጥርስ ክፉ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። እርስዎንም ይዞዎት የሚያውቅ ከሆነ ይፈርዱታል።»

ሊቀመንበሩ አያ ደምሴን አየ፤ ከዚያም ሴቶቹን አየ። አቁሙ ሊል ይችል ነበር። ግን ለምን ይቁም? ለታመመ ጎረቤት ማልቀስ በየትኛውም መመሪያ አልተከለከለም። የሚያለቅሱት ለጥርሱ አይደለም ካለ ደግሞ ለማን እንደሆነ እርሱ ራሱ መናገር ሊኖርበት ነው፤ ያን ስም ከነለቅሶው በገዛ አፉ አዳራሹ ውስጥ ሊያስገባው ነው። አጀንዳውን ያስያዘው እርሱ ነበር፤ አሁን ግን ከእኛ ጋር አብሮ የተዘጋበት መሰለ። በመጨረሻ ጸሐፊውን ወረቀት እንዲጽፍልኝ አዘዘ። «ውሰዱት» አለ። ለቅሶውን ግን አላስቆመውም።

ካሳሁን በብብቴ ሥር ደግፎ አስወጣኝ። በሩ ሲከፈት የገባውን አየር እስከ ዛሬ አልረሳውም። ድልድዩ ላይ ያ ወታደር ወረቀቱን እንኳ በቅጡ ሳያየው አሳለፈን። ለቅሶው ከኋላችን ይሰማ ነበር፤ ከድልድዩ ግማሽ ላይ ሆነን ይሰማ እንደ ነበር ካሳሁንም ኋላ ነግሮኛል።

ሐኪም ቤት ተኝቼ ፔኒሲሊን ተወጋሁ። ሐኪሙ የቀረውን መግል በሥርዓቱ አፍስሶ አጠበው፤ መንጋጋዬ ሲላቀቅም ያን ጥርስ ነቀለው። እብጠቱ ወደ አንገቴ መውረድ ጀምሮ ስለ ነበር ጥቂት ቢዘገይ መተንፈሻዬን ሊዘጋው ይችል እንደ ነበር አስረዳኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሰው በጥርስ ሊሞት ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ካሳሁን ሊጠይቀኝ መጥቶ ድዴ መድማት የጀመረው መቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። ሁለት ዓመት ይሆነዋል አልሁት።

«ምን አደረግህለት ታዲያ?»

«በዚያ በኩል መቦረሼን ተውሁ።»

ሳቀ። «ሁሉም እንዲያ ነው የሚያደርገው። እኔም ሙያውን ከመማሬ በፊት እንዲያ ነበርሁ።» ከዚያም ስለ ማንኪያው አነሣና በጣም ፈርቶ እንደ ነበር ነገረኝ። ፍርሃቱ ተገቢ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ አንዲት የጥርስ ሐኪም ታሪኩን ስነግራት፣ ያበጠ ድድን እንዲያ በጣት መጫን መርዙን ወደ ውስጥ ሊበትነው ይችል እንደ ነበር፣ የተረፍሁትም በዕድል ጭምር መሆኑን ነግራኛለች። ስለዚህ ይህን የሚያነብ ሰው ከማንኪያው ምንም እንዳይማር እለምናለሁ።

እናንተ አንባቢዎቼ ከእኔ የምትማሩት ካለ ከዚያ በፊት ባሉት ሁለት ዓመታት ውስጥ ያለው ነው። ድድ ሲደማ «ተወኝ» ማለቱ አይደለም፤ «አጽዳኝ» ማለቱ ነው። በጥርስና በድድ መጋጠሚያ ላይ የሚጋገረው ቆሻሻ ነው የሚያደማው። በለስላሳ ብሩሽ፣ ሳይጫኑ፣ ጠዋትና ከመኝታ በፊት እዚያው መጋጠሚያው ላይ ቢያጸዱት ከጥቂት ቀናት በኋላ መድማቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ካልተወ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። መፋቂያም ቢሆን ንጹሕና ለስላሳ ጫፍ ካለው ጥሩ ያገለግላል፤ እኔ ገጠር ስወጣ አሁንም እርሱን ነው የምይዘው። አስፕሪን ይዋጣል እንጂ ድድ ላይ አይቀመጥም። አፍ አልከፈት ካለ፣ መዋጥ ካስቸገረ፣ ከአገጭ ሥር ካበጠ ግን ጨውም ቅርንፉድም ጊዜ ማባከኛ ናቸው፤ በዚያው ሰዓት መሄድ ነው። እናንተ የሚዘጋባችሁ ድልድይ የለም።

እኔ ከዚያ ወዲህ ሳያመኝ ሐኪም ዘንድ የምሄድ ሰው ሆንሁ። በዓመት አንድ ጊዜ ጥርሴን አስመረምራለሁ፤ የተጋገረውን አስጠርጋለሁ። ሻይ ውስጥ የምጨምረውን ስኳር አንድ በአንድ እየቀነስሁ በመጨረሻ ተውሁት። ልጆቼ ትንንሽ ሳሉ ማታ ማታ አጠገባቸው ቆሜ አስቦርሻቸው ነበር፤ እነርሱ አባታችን ያበዛዋል ይሉ ነበር። ዛሬ ሰባ ዓመት አልፎኛል፤ ከዚያ ከተነቀለው በቀር የጎደለኝ ጥርስ የለም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። ጥርሴን በቦረሽሁ ቁጥር የመጨረሻው መንጋጋ የነበረበት ክፍት ቦታ ላይ እደርስና እጄ ይቆማል፤ ያ አዳራሽ እዚያ ነው ያለው። ሰው አፉን የሚጠብቀው ለመብላትና ለመሳቅ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አፌ የተዘጋብኝ ቀን ግን መተንፈስም፣ መናገርም፣ ለገዛ ራስ መመስከርም በዚያች ትንሽ ቦታ እንደሚያልፉ አወቅሁ።

ወይዘሮ አንጓች መንግሥት ከመለወጡ ጥቂት ቀደም ብለው ዐረፉ። እኔ በዚያን ጊዜ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛውሬ ስለ ነበር አልቀበርኋቸውም። ከለውጡ በኋላ ባሕር ዳር ስመለስ ልጃቸውን የሺወርቅን አገኘኋት፤ ከእንፍራንዝ መጥታ የእናቷን ቤት ይዛለች። ስለ ወንድሟ ስንነጋገር በየዓመቱ ሙት ዓመቱን እንደምታደርግለት ነገረችኝ። ያረፈበትን ቀን በምን አወቃችሁት ብዬ ጠየቅኋት። «አላወቅነውም» አለችኝ፤ «ቀኑን እናቴ ናት የመረጠችው።» ከዚያ ያለችውን ስሰማ የሰማሁትን ማመን ስላቃተኝ ወደ ወይዘሮ አንጓች የነፍስ አባት ዘንድ ሄድሁ። በጣም አርጅተዋል። ማን እንደሆንሁና ምን ልጠይቅ እንደ መጣሁ ስነግራቸው ቀና ብለው ፊቴን አዩኝ።

«ጥርሱ እርስዎ ነዎት?» አሉኝ።

ቄሱና የሺወርቅ የነገሩኝ አንድ ነው፤ ለየብቻቸው ጠይቄ አመሳክሬዋለሁ። ይበልጣል የሞተበትን ቀን የሚያውቅ ሰው ስላልተገኘ፣ አርባው የተቆጠረው፣ ተዝካሩም የወጣለት፣ ሙት ዓመቱም እስከ ዛሬ የሚታሰበው፣ እናቱ አዳራሽ ውስጥ ካለቀሱበት ከዚያ እሑድ ጀምሮ ነው።